ለ25 በ40 ግቢ የሽቦ አጥር፦ ስንት ቋሚ፣ ስንት ጥቅል፣ ስንት ሲሚንቶ?

ባለጓሮ (ጠያቂ)፦ ሰላም ባለሙያዎች። ሱሉልታ ላይ 25 በ40 ሜትር የሆነ ቦታ በቼይን ሊንክ ሽቦ ላጥር ነው። የሽቦው ቁመት 2 ሜትር፣ ከላዩ ሁለት መስመር እሾሃማ ሽቦ። በሩ 4 ሜትር ሲሆን የሚገባው ከፊት ለፊቱ 25 ሜትር መሃል ላይ ነው። ያነጋገርኩት ሠራተኛ 44 ቋሚ፣ 7 ጥቅል ሽቦ (ጥቅሉ 20 ሜትር) እና 10 ኩንታል ሲሚንቶ ይበቃል ብሎ ጽፎ ሰጠኝ። ከመግዛቴ በፊት ቁጥሩን የሚያይልኝ አለ? አንዱ የ40 ሜትር ጎን ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.5 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ለእሱስ ስንት ሽቦ ልጨምር?

ቱንቢ፦ 7 ጥቅሉ ልክ ነው። ዙሪያው 130፣ በሩ ሲቀነስ 126 ሜትር፤ 7 ጥቅል 140 ይሆናል፣ 14 ሜትር ይተርፍሃል። ለተዳፋቱ ምንም አትጨምር። በ40 ሜትር ላይ 1.5 ሜትር መውረድ የሽቦውን ርዝመት የሚጨምረው 3 ሳንቲ ብቻ ነው። ቋሚዎቹ በቱንቢ ቀጥ ብለው ይቁሙ እንጂ የሽቦው ዓይን ራሱ ትንሽ ተዛንፎ ተዳፋቱን ይከተላል።

ስህተቱ 44ቱ ላይ ነው። ሰውዬው 130ን ለ3 አካፍሎ ወደ ላይ አጠጋግቶታል። 2 ሜትር ቁመት ያለው ሽቦ በ3 ሜትር ርቀት መሃሉ ይላላል፤ 2.5 ያዝ። ደግሞም ዙሪያውን ደምሮ ማካፈል አያስኬድም፣ እያንዳንዱ ጎን ከጥግ ጀምሮ ጥግ ላይ ስለሚያልቅ ለየብቻ ነው የሚቆጠረው። 40ው ጎን 16 ክፍተት፣ ሌላኛውም 16፣ የኋላው 25 ደግሞ 10። ከፊት በበሩ ግራና ቀኝ 10.5፣ 10.5 ሜትር ይቀራል፤ 10.5 ለ2.5 ሲካፈል 4.2 ስለሆነ በ5 ክፍተት በየ2.10 ሜትሩ ይከፈላል። ድምሩ 52 ክፍተት፣ ማለትም 53 ቋሚ፦ 4 የጥግ፣ 2 የበር፣ 47 የመሃል።

ሲባጎ ከመወጠርህ በፊት ግን ችካሎቹ ከካርታው ጋር መግጠማቸውን እይ። ማዕዘኑ ቀጥ ካለ ከጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ የሚለኩት ሁለቱም ሰያፎች 47.17 ሜትር መምጣት አለባቸው።

ብረት ቆራጭ፦ ቋሚው ላይ የምጨምረው አለኝ። ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነው አራት ማዕዘን ብረት) የሚሸጠው በ6 ሜትር ነው። ቋሚውን 2.75 አድርገህ ብትቆርጥ ከእያንዳንዱ ዘንግ 50 ሳንቲ ቁራጭ ትጥላለህ። 3 ሜትር ካደረግከው ከአንዱ ሁለት ይወጣል፣ ብክነት የለም። 70 ሳንቲው ይቀበራል፤ ከላይ የቀረው 2.30፣ 5 ሳንቲ ከመሬት ክፍተት፣ 2 ሜትር ሽቦ፣ 25 ሳንቲ ለሁለቱ እሾሃማ መስመሮች።

የምትገዛው፦ ለጥግና ለመሃል 51 ቋሚ ባለ 50 በ50 ሚሊ፣ የብረቱ ውፍረት 2 ሚሊ፣ 26 ዘንግ። ለበሩ 80 በ80 ባለ 3 ሚሊ፣ አንድ ዘንግ ብቻ፤ በሩን የሚሸከመው እሱ ስለሆነ በ50 አትሞክረው። ሰያፍ ድጋፍ በየጥጉ ሁለት ሁለት፣ በበሩ ቋሚዎች አንድ አንድ፣ በሁለቱ የ40 ሜትር ጎኖች መሃል ላይ ሁለት ሁለት፣ በጠቅላላው 14። 2 ሜትር 2 ሜትር ሲቆረጥ 5 ዘንግ ባለ 40 በ40። ሠራተኛው ድጋፍ ጭራሽ አልጻፈም፤ ድጋፍ የሌለው ጥግ ደግሞ ሽቦው በተወጠረ ቀን ወደ ውስጥ ማዘንበል ይጀምራል።

የቱቦላሬውን አናት በላሜራ ቁራጭ ዝጋው። ክፍቱን ከተውከው የክረምቱ ውሃ ውስጡ ይጠራቀምና መሬቱ ልክ ላይ ከውስጥ ይበላዋል። ከውጭ የቀባኸው አንቲረስት ለዚያ አይደርስም።

ባለጓሮ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ሲሚንቶውስ? የኋላው 25 ሜትር ደግሞ መረሬ (ጥቁር ሸክላ አፈር) ነው፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለው።

አካፋ፦ መጀመሪያ ጠይቀው፦ «10 ኩንታል» ሲል 10 ከረጢት ማለቱ ነው ወይስ 20? ከረጢቱ 50 ኪሎ ነው፣ ኩንታል ሁለት ከረጢት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይጣላል።

የመሃል ቋሚ ጉድጓድ 30 በ30 በ70 ሳንቲ፣ 47ቱ 2.96 ሜትር ኩብ። የጥግና የበር 40 በ40 በ80፣ ስድስቱ 0.77። የድጋፍ እግር 30 በ30 በ40፣ 14ቱ 0.50። ለብክነት 5 በመቶ ጨምረህ 4.45 ሜትር ኩብ ኮንክሪት።

ሁሉንም በ1፡2፡4 (ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር) ብትሠራው 29 ከረጢት ይፈጃል፣ በ1፡3፡6 ደግሞ 20። ስለዚህ ሰውዬው ኩንታሉን በትክክል ቆጥሮ ከሆነ በ1፡3፡6 አስቦ ነው፤ ለመሃል ቋሚ መጥፎ አይደለም። እኔ የምለው የጥግ፣ የበርና የድጋፍ በ1፡2፡4፣ የመሃሉ በ1፡3፡6፣ 23 ከረጢት። አሸዋ 2 ሜትር ኩብ፣ ጠጠር 4።

መረሬው ላይ ያሉት 9 የመሃልና 2 የጥግ ቋሚዎች ጉድጓዳቸው 20 ሳንቲ ይጠልቅ፤ አንድ ከረጢት ጨምርና 24 ግዛ። ዋናው ግን ቅርጹ ነው። ቆፋሪ አፉን አስፍቶ ታቹን ያጠብበዋል። መረሬ በክረምት ሲያብጥ ያንን ሰፊ አፍ ከሥር ይዞ ቋሚውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ግድግዳው ቀጥ ይበል፣ ከቻልክ ታቹ ይስፋ። በቋሚው እግር ላይ 20 ሳንቲ ፌሮ አግድም አስበይድ፣ ከኮንክሪቱ እንዳይነቀል። የኮንክሪቱ አናት ከመሬት 5 ሳንቲ ከፍ ብሎ ውሃ እንዲያፈስ ዘመም ይበል።

ባለጓሮ፦ ሻጮቹ ሁሉም «3 ሚሊ ነው» ይሉኛል። በምን ልለየው?

ወጣሪ፦ ካሊፐር ከሌለህ ጥቅሉን ሚዛን ላይ ስቀለው። ዓይኑ 5 ሳንቲ የሆነ 2 ሜትር በ20 ሜትር ጥቅል፣ እውነተኛ 3 ሚሊ ከሆነ ከ90 ኪሎ አይወርድም። 2.5 ሚሊው 65 ገደማ ነው፣ 2 ሚሊው 43። ፕላስቲክ የተለበሰውን በውጭ ውፍረቱ እንዳትገዛ፣ ጫፉን ፍቀህ የውስጡን ሽቦ ለካ።

ዝርዝሩ ውስጥ የቀሩ ነገሮችም አሉ። ወጣሪ ሽቦ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች ሦስት መስመር 378 ሜትር፤ ከመቋጠሪያው ጋር 400 በል። ባለ 3 ሚሊ ጋልቫናይዝድ በኪሎ 18 ሜትር ስለሚሆን 23 ኪሎ። ማሰሪያ 1.5 ሚሊ ጋልቫናይዝድ 4 ኪሎ። ፌሮ የሚታሰርበትን ጥቁር ሽቦ አታስገባ፣ በአንድ ክረምት ዝጎ ይበጠሳል። 10 ቁጥር ፌሮ ሁለት ዘንግ፦ 2 ሜትር እየተቆረጠ ሽቦው በሚያልቅበት ጫፍ ሁሉ በዓይኖቹ ውስጥ ይሰካል፣ 10 ቦታ ነው። እሾሃማ ሽቦ 252 ሜትር፣ በጥቅል ቁጥር ሳይሆን በሜትር ጠይቅ።

ሁለት ጥቅል ስታገናኝ አትደራርብ። ከአንዱ ጫፍ አንድ ሽቦ እያሽከረከርክ አውጣና ሁለቱን ጫፎች አጋጥመህ መልሰህ እያሽከረከርክ አስገባው፤ መጋጠሚያው አይታወቅም። በየቋሚው መረቡን የሚበይድ ሠራተኛ ካየህ አስቁመው፣ ብየዳው ዚንኩን ያቃጥለዋል፣ ዝገቱ የሚጀምረው ከዚያ ነጥብ ነው። የሚበየደው በጫፍ የሚሰካው ፌሮ የሚያዝበት መንጠቆ ነው፣ እሱም ሽቦው ከመሰቀሉ በፊት። መወጠር የሚጀመረው ደግሞ ኮንክሪቱ 7 ቀን ውሃ ከጠጣ በኋላ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ልወጥር ካለህ እሺ አትበለው።