«እናወግዛለን» ማለት የሚችለው ማነው?

የማራኪ ልጅ፦
ሰላም የጎንደር ልጆች። ቀሃ ወንዝ ላይ ቆሻሻ የሚደፉ ሰዎች አስቸገሩንና የሰፈር ወጣቶች ሆነን ደብዳቤ ጻፍን፣ መጨረሻው ላይ «አጥብቀን እናወግዛለን» የሚል አለበት። የእድራችን ሰብሳቢ ጋር ለፊርማ ስንወስደው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና እስክሪብቶውን አስቀምጠው «ጳጳስ ናችሁ እንዴ የምታወግዙት?» ብለው ተቆጡን። ቲቪ ላይ ሁሌ የሚባል ቃል አይደል እንዴ?

አዘዞ፦
ትክክል ናችሁ ወንድሜ። የታክሲ ታሪፍ ሲጨምር «እቃወማለሁ» ነው የምንለው፣ ንጹሃን ሲገደሉ ግን «እናወግዛለን»፣ ምክንያቱም መቃወም ሐሳብ አለመስማማት ነው፣ ማውገዝ ግን ነገሩ ምንም ማመካኛ የለውም ማለት ነው። ስለዚህ ለወንዙ አይበዛበትም።

የቅኔ ተማሪ፦
አባታችን ዝም ብለው አልተቆጡም። ቃሉ ከቤተ ክርስቲያን ነው የመጣው፣ እኤአ በ325 ኒቅያ ላይ 318ቱ ሊቃውንት ክርስቶስ ፍጡር ነው ያለውን አርዮስን አውግዘው ለዩት፣ እስከዛሬ «ውጉዝ ከመ አርዮስ» የምንለው ከዚያ ነው። የተወገዘ ሰው ከማኅበር ይለያል፣ አብሮት የሚቀድስ የለም። በ2010 የአገር ቤቱና በስደት የነበረው ሁለቱ ሲኖዶሶች ሲታረቁ ዜናው «ውግዘቱ ተነሳ» ነበር እኮ፣ ማለት ካልተነሳ እንደታሰረ ይቀራል። አቡን ቤትና እጨጌ ቤት የሚባል ሰፈር ያለበት ከተማ ላይ ያደጉ ሽማግሌ ቃሉ ቢከብዳቸው ምን ይገርማል።

የደፈጫ ልጅ፦
እኛ ቤት ደግሞ የሚፈራው ግዝት ነው። ውግዘት የጳጳሳት ጉዳይ ነው፣ ግዝት ግን የነፍስ አባትም ይገዝታሉ፣ እናቴ ከጎረቤት ተጣልታ እንዳትታረቅ ሆና ስትቆይ አባ ገዝተዋት ነው ሄዳ የታረቀችው፣ የገዘተ እስኪፈታ ድረስ እህል አይወርድላትም ነበር። በየወሩ 12፣ 21 እና 29 ግዝት በዓል የሚባሉትም በዚሁ ነው፣ ሥራ ስለተከለከለባቸው።
አሁን ደብዳቤው ላይ ማንን ነው የምታወግዙት? «ድርጊቱን» ካላችሁ ችግር የለውም፣ የዛሬ ሰው ሁሉ የሚለው ነው። «እነ እገሌን» ብላችሁ ስም ከዘረዘራችሁ ግን እኔም አልፈርምም፣ ነገ ለቅሶ ላይ አብራችሁ የምትቀመጡ ጎረቤቶች ናቸው። ሰውየው ላይ «እንቃወማለን» በሉ፣ ቆሻሻው ላይ እንደፈለጋችሁ አውግዙ።