«ለዘብተኛ»፣ «እንደራሴ»፣ «ምሕረት»፦ የስቶልበርግን ታሪክ በአማርኛ ለመጻፍ

ብራና፦ የፊንላንድን የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ካርሎ ዩሆ ስቶልበርግን «ሊበራል» ለማለት «ለዘብተኛ» ማለት ያስኬዳል? ከእሳቸው በፊት የነበሩትን ማነርሃይምንስ «እንደራሴ» ልበላቸው? (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቀለም፦ ለዘብተኛ አያስኬድም። ቃሉ አያያዝን እንጂ የፖለቲካ መስመርን አይነግርም፤ ወግ አጥባቂም ሶሻሊስትም ለዘብተኛ ሊሆን ይችላል። ሰውዬው የአስተዳደር ሕግ ፕሮፌሰር ነበሩ፣ በሕግ ነገር ደግሞ ለዘብ አይሉም። በ1923 ሃያ ሰባት የግራ እንደራሴዎች ታስረው ባለ 200 ወንበሩ ምክር ቤት በ173 ሲቀር፣ አዲስ ምርጫ ይደረግ አሉ። የጠቅላይ ሚኒስትሩ የካሊዮ መንግሥት እምቢ ብሎ ሲለቅ፣ ጃንዋሪ 1924 ላይ የካያንደርን ባላደራ መንግሥት ሾመው ምክር ቤቱን በተኑ። ስለዚህ «ሊበራል» ብለው ይተዉት።

የፓርቲያቸው ስም ላይም ይጠንቀቁ። በቀጥታ ሲመለስ «ብሔራዊ ተራማጅ ፓርቲ» ነው፤ «ተራማጅ» ግን ለእኛ አንባቢ የተማሪዎቹን ንቅናቄና ግራ ዘመሙን ነው የሚያስታውሰው። መጀመሪያ ሲጠቀስ «ሊበራሉ» የሚል ቅጽል ይቅደመው።

ደብተራ፦ እንደራሴ ትክክል ነው፤ ችግሩ ዛሬ የምክር ቤት አባልም የሕዝብ እንደራሴ መባሉ ነው። ይኸው ከላይ ራሱ «የግራ እንደራሴዎች» ተብሏል! ማነርሃይም የርዕሰ ብሔርን ሥልጣን ለጊዜው የያዙ ናቸው፤ ምክር ቤቱ ኦክቶበር 1918 ላይ ንጉሥ እንዲሆኑ የመረጣቸው ጀርመናዊው የሄሰ ልዑል ፍሪድሪክ ካርል በዲሴምበር ዘውዱ ይቅርብኝ ብለዋል። ከራስ ተፈሪ ዘመን የምናውቀውን «ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ» ቢጠቀሙ ግርታው ይጠፋል። ጁላይ 1919 ላይ ስቶልበርግ እኚህኑ ማነርሃይምን በምክር ቤቱ ድምፅ 143 ለ50 አሸነፏቸው።

ብራና፦ ከ1918ቱ የፊንላንድ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ስቶልበርግ ለቀዮቹ (ለተሸነፈው የግራ ወገን) እስረኞች ያደረጉላቸውስ ይቅርታ ነው ምሕረት?

ደብተራ፦ የእሳቸው ይቅርታ ነው። በ1919ኙ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱ ይቅርታ የሚያደርጉት በየሰዉ ጉዳይ ነው፤ የጅምላው ምሕረት የሚሰጠው በሕግ ብቻ ነው። የእኛም ሕግ ሁለቱን ይለያቸዋል፦ ይቅርታ ቅጣቱን ይነካል፣ ምሕረት ወንጀሉን ራሱን ይፍቃል። «ፕሬዚዳንቱ ምሕረት አወጁ» ብለው ከጻፉ የሌላቸውን ሥልጣን ሰጧቸው ማለት ነው። «ለብዙ እስረኞች ይቅርታ አደረጉ» ይበቃል።