ለዓመታት ያገለገለኝ ፍላሽ አልጽፍም አለኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ ካላችሁ እርዱኝ፤ ግራ ገብቶኛል።

32 ጊጋባይት ፍላሽ አለኝ። 7 ዓመት ሙሉ ከቁልፌ ጋር አንጠልጥዬው ዞሬያለሁ። ክዳኑ ከጠፋ ቆይቷል። አንዴ ከነሱሪዬ ታጥቦ እንኳን ሲደርቅ ሠርቷል፤ እንደሱ ጠንካራ ዕቃ አላየሁም። ጥፋቴን ልናዘዝ፦ ብዙ ጊዜ «ኢጀክት» ሳልል ነው የምነቅለው። ሰነዶችንም ወደ ኮምፒውተር ሳልገለብጥ እዚያው ላይ ከፍቼ ነው የማርመው።

ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ፋይል ልጨምር ስል «ዲስኩ ራይት ፕሮቴክትድ ነው» (እንዳይጻፍበት ተቆልፏል) ይለኛል። መሰረዝ አይቻልም። ፎርማትም እምቢ። የሚገርመው፣ የድሮዎቹ ፋይሎች ይከፈታሉ። ጎኑ ላይ የሚገፋ መቆለፊያ የለውም። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ባለው የዲስክ ማስተካከያ ፕሮግራም በዲስክፓርት የ«ሪድ ኦንሊ» (ማንበብ ብቻ) ምልክቱን ላጥፋ ብዬ፣ ተሳክቷል አለኝ፤ ግን ጠብ ያለ ነገር የለም።

ፍላሽ ሜሞሪ በተጻፈበትና በተሰረዘ ቁጥር ዕድሜው ቀስ በቀስ እንደሚያልቅ፣ አንዳንዱም ሲደክም ራሱን ወደ ማንበብ ብቻ እንደሚቀይር አንብቤያለሁ። የኔም ይሄ ይሆን? ወይስ የፋይል ሲስተሙ (ፋይሎቹ የሚደራጁበት መዋቅር) ነው የተበላሸው? በምን ልለየው?

ፎቶዎቹን ገልብጫለሁ። አንድ ፎልደር ብቻ፣ ያውም የ3 ዓመት የሥራ ማስታወሻዬ ያለበት፣ ግማሽ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። እሱን እንዴት ላውጣው? ደጋግሜ መሞከሬስ ይብስ ይጎዳው ይሆን?