የጣውላ ወለላችን መሐሉ ረገበ፣ ብርዱም ከሥር ነው፤ ነቅለን ሊሾ እናድርገው?

የሆጤዋ፦
ሰላም ጀመዓ። ቤታችን ደሴ፣ ሆጤ ነው። የአያቴ ቤት ነው፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ወለሉ ጣውላ። ቦታው ተዳፋት ስለሆነ ከላይ በኩል ወለሉ ከመሬት ብዙም አይርቅም፤ ከታች በኩል ግን ሰው ጎንበስ ብሎ ይገባበታል። ሳሎኑ መሐል ላይ ሲረገጥ ይረግባል፤ ብፌው ውስጥ ያሉት ስኒዎች ይንኳኳሉ። እናቴ እግሯን ያማታል፤ ሁለት ካልሲ ደርባም ጠዋት ጠዋት አይሞቃትም።

ድሮ የነበሩት ተከራዮች አይጥ ገባ ብለው የመሠረቱን ቀዳዳዎች በሲሚንቶ ደፍነዋል። ከላይ ፕላስቲክ ምንጣፍ አለ። ሰሞኑን ጥጉን ገለጥ ሳደርገው ጣውላው ጠቁሯል፤ በጥፍሬ ስጫነው እንደ ዳቦ ገባ። አንድ ግንበኛ «ነቅለሽ በአፈር ሙዪና ሊሾ አድርጊው» አለኝ። ጣውላው ግን አሳሳኝ። ምን ትላላችሁ?

አናጺው፦
እታለም፣ እባክሽ አትንቀይው። ደሴ 2500 ሜትር ከፍታ አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሲሚንቶ የእግርን ሙቀት ቶሎ ይወስዳል፤ ለእናትሽ ጣውላው ይሻላል። ደግሞ ተዳፋት ላይ ያን ሁሉ አፈር ስትሞዪበት የታችኛውን የመሠረት ግንብ ይገፋዋል። ያ ግንብ ቤት እንዲሸከም እንጂ አፈር እንዲያግድ አልተሠራም። ክረምት ላይ አፈሩ ውሃ ሲጠጣ ግፊቱ ይብሳል።

እንጨትሽን የጨረሰው የታፈነ እርጥበት ነው። ቀዳዳዎቹ ለአየር የተተዉ ነበሩ። ከመሬት የሚነሳው እርጥበት መውጫ አጣ፤ ከላይ ደግሞ ፕላስቲኩ ከደነው። የእንጨት እርጥበት ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ አልፎ ከቆየ ለመበስበስ ይጋለጣል።

ስለዚህ ቀዳዳዎቹን ክፈቻቸው፤ ለአይጡ ወንፊት ሽቦ ይበቃል። ምንጣፉን አንሺ። ከላይ በኩል የሚመጣውን የዝናብ ውሃ በቦይ ወደ ጎን አዙሪው። ከዚያ ከሥር ገብቶ ሞራሌዎቹን፣ ማለትም ጣውላውን የተሸከሙትን አግዳሚ እንጨቶች፣ በካቻቪቴ እየወጋ መበስበሳቸውን የሚያይ ሰው ፈልጊ። በተለይ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ጫፋቸው ይታይ፤ ብዙ ጊዜ የሚበሰብሰው እሱ ነው። የላላውን ከጎኑ አዲስ ሞራሌ አጣምሮ በብሎን ማሰር ይቻላል። ጽድ ካገኛችሁ እሰየው፤ ባሕር ዛፍን ምስጥ ይወደዋል።

ለረገበው መሐል ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ተቆፍሮ አርማታ ይፈስስ፣ ከላዩ አጭር የድንጋይ ምሰሶ ይቁም። ድንጋዩና እንጨቱ መሐል ወፍራም ላስቲክ ይግባ፣ እርጥበት እንዳይወጣበት። ወለሉን በክሪክ የሚያነሳው ሰው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ያንሳ። በአንድ ቀን ከተነሳ ልስኑ ይሰነጠቃል፣ በሩም አልዘጋ ይላል።

ሸዋ በር፦
ለብርዱ ሰጋቱራ ሙዪበት። እንጨት ቤቶች በርካሽ ይሰጡሻል።

አናጺው፦
ወንድሜ፣ ሰጋቱራ ደረቅ እስከሆነ ብርድ ይከላከላል። ግን እርጥበት ይጠጣል፣ እየቆየም ይሰምጣል፤ እዚህ ቤት አልደፍረውም። ጠንካራው ፎም በልክ ተቆርጦ በሞራሌዎቹ መሐል ከጣውላው ሥር ጥብቅ ብሎ ይለጠፍ፣ በቀጭን እንጨትም ይያዝ። ክፍተት ከተተወ ነፋሱ በመሐል ያልፋል፤ ልፋቱ ከንቱ ነው። ፎም እሳት ስለሚይዝ ከማድቤት በኩል ይጠንቀቁ። መሬቱ ላይ ላስቲክ ዘርግታችሁ ድንጋይ ጫኑበት።

ኮምቦልቻ፦
እኛ ሰፈር ብርድ የለም፤ ችግራችን ጥቁር አፈሩ ነው። ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሊሾውን ይዞት ይነሳል። ያን አፈር አውጥተን ገረጋንቲ (የማያብጥ ጠጠራማ አፈር) በየ20 ሳንቲሙ እየጠቀጠቅን ነው የምንሞላው። የደሴ ምክር ለኛ፣ የኛም ለደሴ አይሆንም።

የሆጤዋ፦
አላህ ይስጥልኝ። ቀዳዳውን ከከፈትኩ ብርዱ አይብስም?

አናጺው፦
ፎሙ እስኪገባ ትንሽ ይበርዳችኋል፤ ለእናትሽ የሱፍ ምንጣፍ አንጥፊላት። ፎሙ ከገባ በኋላ ነፋሱ ከሥር ቢያልፍም ወደ ላይ አይደርስም። ብቻ ጣውላው ሳይደርቅ ፎም እንዳታስለጥፊ። ከጥቅምት ጀምሮ ፀሐይና ነፋስ ስላለ ያኔ አየር ይግባበት፤ ምሰሶውን ግን አሁኑኑ አሠሪ።