«ውርስ» ሁሉ «ኢንሄሪታንስ» ነው ወይ?

የማራኪዋ፦
ሰላም ለቤቱ። አንድ ነገር ሲያብሰለስለኝ ሰነበተና አመጣሁላችሁ። ለንደን ያለችው እህቴ ለጠበቃዋ የምታሳየው የቤተሰብ ሰነድ ላኩልኝ አለች። አያታችን ፒያሳ አካባቢ ሁለት ቤት ነበራቸው። አንዱ በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ተብሎ ተወረሰ። ሌላው ለእናታችን በውርስ ተላለፈ። ወረቀቱን አንድ ትርጉም ቤት አስተረጎምሁና ላክሁት። በሳምንቱ ደወለች። «በዚህ ወረቀት መሠረት አያትሽ ሁለት ወራሽ አላቸው፤ እናትሽና መንግሥት» ብሏታል ጠበቃው። ለካ ተርጓሚው «ተወረሰ»ንም «በውርስ ተላለፈ»ንም በአንድ «ኢንሄሪትድ» ገላግሏቸዋል።

ትምህርት ቤትም «ውርስ ማለት ኢንሄሪታንስ» ብለን ሸምድደን ነው የወጣነው። ቃል በጥንድ በጥንድ ማስሸምደድ ይቅር ባይ ነኝ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

መምህር ከአዘዞ፦
እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ስለ ተርጓሚው ልክ ነሽ። ስለ ጥንዱ ግን አልስማማም። ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ በአማርኛው ካልጀመርሁ በምን ልጀምር? ጥንዱ መነሻ ነው። ጥፋታችን እዚያው መቅረታችን ነው።

«ኢንሄሪት» ሰው ሲሞት ንብረቱ ለቀሪው ሲያልፍ ነው። መልክም በሽታም በዘር ሲመጣ በዚሁ ቃል ነው። መንግሥት ሲወስድ ግን «ኮንፊስኬት» ይባላል፤ በአዋጅ የመንግሥት ሀብት ሲያደርገው «ናሽናላይዝ»። የእኛ «ወረሰ» ሁሉንም ይችላል። ማሳውን አረም ሲውጠው እንኳ «አረም ወረሰው» እንላለን። እንግሊዝኛው ይህን አይሸከምም። ሟች ትቶት የሄደው ሀብት ባጠቃላይ «ኢስቴት» ነው፤ ዕዳውም የሚከፈለው ከዚያ ነው። በኑዛዜ ለይቶ የሚተወው ስጦታ «ሌጋሲ» ነው። ወራሹ ደግሞ «ኤር»። እዚህ ላይ ልጆቼ ሁልጊዜ ይሳሳታሉ። ሲጻፍ ፊቱ ላይ «ኤች» አለች፤ ሲነበብ አትሰማም። ባለፈው አንዷ ጎበዝ ተማሪዬ «ሄይር» ብላ አነበበችው፤ ክፍሉ በሙሉ ተከተላት። ፀጉር መስሏቸዋል።

ጠበቃዋ፦
መምህር፣ «ዊል»ን ረሳኸው። ለእኔ ዋናው እሱ ነው። በእንግሊዝኛ ቃሉ ፈቃድ ማለትም ነው። የእኛ ኑዛዜ ግን ከንስሐ ጋር ነው የሚኖረው። ሰው ለነፍስ አባቱ ይናዘዛል፤ ስለ ንብረቱም ይናዘዛል። አንድ አዛውንት «ተናዝዣለሁ» ሲሉ የትኛውን እንደሆነ ሳይጠይቁ መተርጎም አደጋ አለው። እኔ ቢሮ እንኳ ደግሜ እጠይቃለሁ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል፤ በግልጽ የሚደረግ፣ ተናዛዡ በእጁ የሚጽፈው እና የቃል። የቃሉ ኑዛዜ ሁለት ምስክር ይበቃዋል። ተናዛዡ ግን ሦስት ወር አልፎት በሕይወት ከቆየ ይፈርሳል። ሕጉን ያረቀቀው ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነው፤ በፈረንሳይኛ። የእንግሊዝኛው ቅጂም ስለ ውርስ ሲያወራ የሚለው «ሰክሴሽን» ነው። ተርጓሚዎቻችን ይህን ቅጂ ጠረጴዛቸው ላይ ቢያኖሩት ደስ ይለኛል።

የግቢው አስጎብኚ፦
አንድ የሥራ ባልደረባዬ ፋሲል ግንብ ሥር ቆሞ ለእንግዶች «ይህ ኢንሄሪታንሳችን ነው» ይላል። ተው እለዋለሁ። ኢንሄሪታንስ ሲሉት ሰው የሚካፈለው፣ የሚሸጠው ሀብት ነው የሚታየው። ይህን ግንብ ማን ይካፈለዋል? ዩኔስኮ በ1979 እ.ኤ.አ. ሲመዘግበውም «ሄሪቴጅ» ብሎ ነው። ሁለቱም ቃላት «ወራሽ» ከሚለው ላቲን ነው የመጡት፤ ግን መንገድ ተለያይተዋል። እኛም ውርስና ቅርስ ብለን ለይተናል። ቅርስ ራሱ ጥሪት ማለትም ነው። «ጥሪት ቅርስ የሌለው» ይባል የለ?

ጡረተኛው ከቀሐ፦
ልጆቼ፣ ርስትን ዘለላችሁት። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እንግሊዝኛው «ኢንሄሪታንስ» የሚለውን አማርኛው ብዙ ቦታ «ርስት» ይለዋል። የእኛ አገር ርስት ግን አባት ሲሞት ልጅ ተረክቦ የሚሸጠው ዕቃ አልነበረም። ከአቅኚው አባት መወለድህን ቆጥረህ፣ በአባትህም በእናትህም በኩል፣ «ድርሻዬን» ብለህ የምትጠይቀው መብት ነው። ሴትም ትጠይቃለች። አባቴ ሰባት ቤት ቆጥረው ሲከራከሩ በልጅነቴ ሰምቻለሁ። ዳኛው ፊት ቆመው፣ በትራቸውን ይዘው፣ የአንዱንም አያት ስም ሳያስቱ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ያ ሁሉ ቀረ። ይህን ነገር በየትኛው የእንግሊዝኛ ቃል ልታስገቡት ነው? «ርስት» ብለው ይተዉትና ከሥሩ ያብራሩት።

መምህር ከአዘዞ፦
አባባ፣ እዚህ ላይ ተረትቻለሁ። ለርስት ጥንድ የለውም።

የማራኪዋ፦
መምህር፣ መነሻ ነው ያልከውን ተቀብያለሁ። የመጨረሻ ፈተናው ላይ «አዛምድ» ብለህ ግን አታምጣባቸው፤ ዓረፍተ ነገር አጽፋቸው።

ወረቀቱን ትናንት መልሼ ወስጄው ነበር። ተርጓሚው መጀመሪያ «ውርስ ውርስ ነው» ብሎ ተቆጣ። የአዋጁን ነገር ስነግረው አንብቦ ዝም አለ፤ «ናሽናላይዝድ» ብሎም አስተካከለው። አሁን የአባባን ጽሑፍ አንብቤ ወረቀቱን እንደገና ሳየው፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ «የደምቢያ ርስታቸው» የሚል አለ። እሱንም «ኢንሄሪታንስ» ብሎታል። ነገ ጠዋት ተመልሼ እሄዳለሁ።