ሴት ስትሾም «ጳጳስ» ወይስ «ጳጳሲት»?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሣራ ሙላሊ በ2025 እ.ኤ.አ. ለካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስነት (በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ከፍተኛው ማዕረግ ነው) ስለ መሰየማቸው አንድ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ማዕረጉ ላይ ተቸገርኩ። አርታኢዬ «ሊቀ ጳጳሲት» በይ ይለኛል። «ብፁዕ አቡነ» የሚለውንስ እንዴት ላድርገው?

መልስ፦ እኅቴ፣ «አቡነ»ን ፈጽሞ ተዪው። በግእዝ «አባታችን» ማለት ስለሆነ ለሴት አይሄድም። «ጳጳስ»ም በጽርእ (በግሪክኛ) ሥሩ አባት ነው፤ ሆኖም በአማርኛ ይህ ትርጉሙ ከተረሳ ቆይቷል፣ ሰሚው የሚረዳው ሹመቱን ብቻ ነው። «ኤጲስ ቆጶስ» ደግሞ ከላይ ሆኖ የሚጎበኝ፣ የሚጠብቅ ማለት ነው። በ1ኛ ጴጥሮስ 2፥25 «እረኛና ጠባቂ» ሲል «ጠባቂ» የተባለው ይኸው የጽርእ ቃል ነው። የሴትን ጵጵስና የማይቀበሉ አብያተ ክርስቲያናት በ1ኛ ጢሞቴዎስ 3፥2 ያለውን «የአንዲት ሚስት ባል» ይጠቅሳሉ፤ ይህ የሃይማኖት ክርክር ነው፣ እኛ በቅጥያ ልንፈታው አይገባም።

ስለዚህ «ሊቀ ጳጳስ» ብለሽ ጻፊ። «ሊቀ ጳጳሷ ተናገሩ» ስትዪ «ተናገሩ» የአንቱታ ነውና ጾታ አይለይም፤ «ጳጳሷ» ግን ይለያል። መካነ ኢየሱስም ለሴቶች ቅስና ስትሰጥ «ቄስ» አለች እንጂ «ቄሲት» አላለችም።

ሌላ አባል፦ እኔ ግን «ጳጳሲት» ባዕድ ቅርጽ አይመስለኝም። «መነኩሴ፣ መነኩሲት» እንል የለም? ጀርመኖችም ማሪያ የፕሰን በ1992 እ.ኤ.አ. የሐምቡርግ ጳጳስ ሆነው ሲመረጡ «ቢሾፍ»ን «ቢሾፊን» አሉት። ከዚያም የቆየ አለ። ሮም በሚገኘው በቅድስት ፕራሴዴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የ9ኛው መቶ ዘመን ሞዛይክ አለ፤ በፓፓ ቀዳማዊ ፓስካል እናት በቴዎዶራ ምስል ላይ «ኤፒስኮፓ»፣ ማለትም «ኤጲስ ቆጶስ» በሴት ቅርጽ፣ ተብሎ ተጽፏል። በራሷ ዙሪያ ያለው ብርሃን እንደ ቅዱሳኑ ክብ ሳይሆን አራት ማዕዘን ነው፤ በሕይወት ሳለች መሣሏን ያመለክታል። ሹመት ነበራት ወይስ ለፓፓው እናትነቷ የተሰጣት ክብር ነው የሚለው ዛሬም ያከራክራል። የሴት ቅጥያው ግን በሞዛይኩ ላይ ይነበባል።

መልስ፦ ማስረጃው ጠንካራ ነው፤ ስላመጣኸው አመሰግናለሁ። ነገር ግን ላቲንም ጀርመንኛም የሹመት ስምን በሴት ቅጥያ መለየት ያዘወትራሉ። እኛ «ሚኒስትር»፣ «ዳኛ» እንላለን፤ ሣህለ ወርቅ ዘውዴም «ፕሬዚዳንት» ነበሩ። ለጵጵስና ብቻ አዲስ ቅጥያ ብናበጅ አንባቢው ሌላ፣ ምናልባትም ያነሰ ማዕረግ ያለ ይመስለዋል። ባርባራ ሃሪስ በ1989 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ በአንግሊካን ኅብረት የመጀመሪያዋ ሴት ጳጳስ ሲሆኑ የተቀበሉት ሥልጣን ከወንዶቹ ጳጳሳት የተለየ አልነበረም፤ በአማርኛችንም የተለየ ሊመስል አይገባም።

«ብፁዕ» በእንስት «ብፅዕት» ይሆናል። ሉቃስ 1፥45 «ያመነች ብፅዕት ናት» የሚለው ስለ እመቤታችን ነው፤ አንባቢያችን ቃሉን የሚያውቀው በዚሁ ነውና ለዜና አልመርጠውም። እኔ ብሆን «የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ሣራ ሙላሊ» ብዬ እጀምርና ከሁለተኛው አንቀጽ ጀምሮ «ሊቀ ጳጳሷ» እላለሁ።