ቤት ውስጥ የታሰረ ልጅ አለ፤ እናቱ ሰው እንዳይሰማ ፈሩ

ጠያቂ (ነርስ፣ ዘጌ አካባቢ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ በምሠራበት ጤና ጣቢያ አቅራቢያ አንድ ቤተሰብ ልጁን ጓዳ ውስጥ በሰንሰለት አስሮታል። ብቻውን ያወራል፣ ሌሊት አይተኛም። እናቱን ሳነጋግራቸው «ይወራብናል፤ እህቱንም የሚያገባት ይጠፋል» አሉኝ። ፖስተር ለጥፈናል፣ ጠዋት ጠዋት ለተራ ጠባቂዎች እናስተምራለን። የሰማን የለም። ምን ይሻላል?

ሲስተር ከሽምብጥ፦
እህቴ፣ ፖስተሩን ተይው። የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። ሰው የሚሸማቀቀው መጀመሪያ እኛው ኮሪደር ላይ ነው። «የእብዶቹ ካርድ የት ገባ?» ብሎ የሚጮህ ባልደረባ አለ። ይህን የሰማ አባት ልጁን ያመጣል? ታማሚው በስሙ ይጠራ፤ ከወባውም ከነፍሰ ጡሯም ጋር አንድ ተራ ይያዝ።

እዚያ ቤት ጋዋን ለብሰሽ አትሂጂ። ከጤና ኤክስቴንሽኗ ጋር ግቢ። እሷ ለክትባቱም ለመጸዳጃ ቤቱም ስለምትዞር «ምን ሆኑ?» የሚል የለም። ቡናቸውን ጠጪ። ስለ አጋንንት አትከራከሪ። ሰንሰለቱ ያቆሰለውን እግሩን እጠቢለት፤ ቁስል ለማጠብ እምቢ የሚልሽ የለም። ስለ እንቅልፉና ስለ ምግቡ እግረ መንገድሽን ትጠይቂያለሽ።

ጸበሉንም አታስቁሚ። አጥማቂውን አባት ቀድመሽ አነጋግሪ። እሳቸው «መድኃኒቱንም ውሰድ» ካሉ ግማሹ ሥራ አለቀ። በጾም የጠዋቱ ክኒን ይዘለላል፤ ሐኪሙ ከተስማማ ማታ ይሁን።

የታማሚ ወንድም፦
እኛን የጠቀመን በየወሩ የሚወጋው መርፌ ነው። ክኒን ጎረቤት ያያል። ነርሷ ቀጠሮውን ከገበያ ቀን ጋር አደረገችልን፤ «የት ነበራችሁ?» ያለን የለም። ዛሬ ወንድሜ ጀልባ ላይ ዕቃ ይጭናል፤ የእድር ድንኳን ሲተከልም ይጠራል። ብቻ መድኃኒት እንዳይጠፋ አደራ! አንዴ ጠፍቶ ሲብስበት ሰፈሩ «ብለን ነበር» አለ።

ሌላ አስተያየት፦
ሰንሰለቱስ? ቢፈቱትና ሐይቅ ቢገባስ?

ሲስተር ከሽምብጥ፦
ልክ ነህ፣ እናትየውም የሚፈሩት ይህንኑ ይሆናል። ስለዚህ እህቴ፣ «ዛሬውኑ ፍቱት» ብለሽ አትጀምሪ። ራሱን ወይም ሰው ለመጉዳት ሞክሮ እንደሆነ በግልጽ ጠይቂ። አዎ ካሉሽ አትጠብቂ፣ ሪፈር አጽፊለትና ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ይምጣ። ጀልባው ላይ ከቤተሰቡ ሁለት ሰው አብሮት ይቀመጥ። አልሞከረም ካሉሽ ደግሞ፣ ሐኪም ያዘዘለት መድኃኒት እንቅልፍ ሲመልስለት ሰንሰለቱን ቀስ በቀስ፣ መጀመሪያ ቀን ቀን፣ እያያችሁት ፍቱለት።